ላቡ እስኪደርቅ

በህንድ አገር፣ በቪዳርባ፣ የግንቦት ፀሐይ ቀልድ አታውቅም። ኢንዱማቲ እዚህ ቤት ከተዳረች ወዲህ ሃያ ስድስቱንም በጋ ያሳለፈችው በባሏ አባት በዳጂባ ትእዛዝ ነው። ዳጂባ አዩርቬዳ የሚባለውን ጥንታዊ ሕክምና ከአባታቸው የተማሩ፣ ሦስት መንደር የሚሰማቸው መድኃኒት አዋቂ ናቸው። በበጋ በርበሬ ይቀንሳል። እርጎ ማታ አይነካም፤ አሬራ ግን ከሙን ተነስንሶበት ቀትር ላይ ይጠጣል። ጥሬ ማንጎ ተቀቅሎ፣ ተጨምቆ፣ በስኳርና በጨው ይበጠበጣል። የቀን እንቅልፍ ከዓመቱ በዚህ ወቅት ብቻ ይፈቀዳል፤ ይቺን ሕግ ኢንዱማቲ ከልቧ ትወዳታለች።

የምትፈራት ግን ሌላዋን ነው፦ ከፀሐይ የገባ ሰው ላቡ እስኪደርቅ ውሃ አይጠጣም፣ ውሃም አይፈስበትም። ገና ሙሽራ ሳለች ከማሳ ለተመለሰ ባሏ ቀዝቃዛ ውሃ ብታቀርብ፣ ዳጂባ ኩባያውን ከእጇ ነጥቀው ደጅ ደፉት። ያውም በእንግዳ ፊት። ያን ቀን ያፈረችው እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ዛሬ ጥሬ ማንጎ አለቀና ዳጂባ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ከረጢት አንጠልጥለው ተነሡ።

«አባባ፣ እኔ ልሂድ። ፀሐዩ እኮ ከሯል።»

«አንቺ? የበሰለውን ካልበሰለው መች ትለዪና! ከቀትር በፊት እመለሳለሁ።»

የተመለሱት ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። በሩ ላይ ከረጢቱን ለቀቁት፤ ማንጎው ግቢውን ሞላ።

«ልቀሚና ለእናቴ ስጫት» አሉ። እናታቸው ከሞቱ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል።

ኢንዱማቲ ክው አለች። ደግፋ ጥላው ሥር አስቀመጠቻቸውና ግንባራቸውን ብትነካው እጇን አቃጠላት።

«ውሃ ላፍስብዎት፣ አባባ?»

«ላቤ ይድረቅ! እንዳትነኪኝ!» ምላሳቸው ተሳስሯል።

ጎረቤቷ ሼቫንታ ጩኸት ሰምታ እየሮጠች ገባች። ኢንዱማቲ እንስራውን ስታነሳ ክንዷን ያዘቻት።

«ኧረ ተዪ! ራሳቸው አይደል እንዴ ያሉት? አንድ ነገር ቢሆኑ ምራቲቱ ገደለቻቸው ነው የሚባለው!»

እውነቷን ነው፤ መንደሩ ሌላ አይልም። ባሏም ከከተማ ሲመለስ ምን እንደሚል አላወቀችም። ኢንዱማቲ እንስራውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ዳጂባ ዓይናቸው መገልበጥ ጀመረ። እንስራውን አስቀምጣ እጇን ወደ አንገታቸው፣ ወደ ብብታቸው፣ ወደ ጀርባቸው ሰደደች። አንድ ጠብታ እርጥበት አጣች።

«ሼቫንታ፣ ምኑ ነው የሚደርቀው? ላብ የለም እኮ!»

እንስራውን ሙሉ ውሃ አፈሰሰችባቸው። ዳጂባ ተንቀጠቀጡ፤ «ከቤቴ ውጪልኝ!» ብለው ጮኹ። እሷ ነጠላ ጨርቅ ነክራ አለበሰቻቸው። ሼቫንታ የተረፈውን የማንጎ ጭማቂ ብታመጣ፣ «አሁን አይውጡም፣ ያንቃቸዋል። ይልቅ አራግቢላቸውና ባጃጅ እናስጠራ» አለቻት።

ጤና ጣቢያው እስኪደርሱ መንገዱን ሙሉ ውሃ አፈሰሰች፤ መንገዱን ሙሉ ፈራች። ሐኪሙ አየና «እንዳታቆሚ፣ ጨምሪ» አላት።

ዳጂባ በሁለተኛው ቀን ድነው ቤታቸው ገቡ። ኢንዱማቲን ግን አላናገሯትም። የሰጠቻቸውን አሬራ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይጠጣሉ። አራት ቀን እንዲህ ሆነ። «ከቤቴ ውጪልኝ» ያሏትን ቃል በሕመም ነው ብላ ልትረሳው ሞከረች፤ አልሆነላትም።

በአምስተኛው ቀን ቀትር ላይ አንድ ገበሬ እያለከለከ ደረሰ።

«አባባ፣ ወንድሜ ከማሳ ገብቶ ይቀባዥራል። ምን እንስጠው?»

ዳጂባ ከአልጋቸው ቀና አሉ። «ውሃ አፈሰሳችሁበት?»

«ኧረ እኛ! እርስዎ እንዳስተማሩን ላቡ እስኪደርቅ እየጠበቅን ነው።»

የሽማግሌው ፊት አመድ መሰለ።

«ላብ አለው?»

ሰውየው ይህን አላየም።

«ኢንዱ!» ዳጂባ በሙሉ ድምፃቸው ጮኹ። «ልጄ፣ እንስራሽን ይዘሽ ሩጪ!» ወደ ገበሬው ዞሩ። «እኔ የነገርኳችሁን ተወው። እሷ የምትልህን አድርግ።»

ኢንዱማቲ እንስራውን በሁለት እጇ አቅፋ ስትሮጥ፣ እንባዋን የምትጠርግበት እጅ አልነበራትም።