ከጥቁሩ ጥብጣብ ሥር

ልጄ ማተቧን በመቀስ ቆርጣ የጂንስ ሱሪዋ ኪስ ውስጥ ከታው አገኘሁ። ልብስ ላጥብ ኪሷን ስፈትሽ ነው። ክሩን ከነመስቀሉ መዳፌ ላይ ይዤ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ የታሰረላት ነው። ሲያረጅ እለውጥላታለሁ እንጂ አንገቷ ባዶውን ውሎ አያውቅም። አሁን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«ማም፣ አልጣልኩትም እኮ። ለዳንሱ ነው። ቲቸር የእኛ ያልሆነ ነገር በሙሉ ይውጣ ብላለች።»

«የእኛ ያልሆነ?»

«የፓናማ ያልሆነ ማለቴ ነው።»

ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። የመኪናዬን ቁልፍ አንስቼ «ውጪ» አልኳት።

የሐበሻ ልጅ ከፓናማ ጭፈራ ጋር ምን አገናኛት የሚል ይኖራል። የዳንስ አስተማሪዋ ፓናማዊት ናቸው፤ እዚህ አሜሪካ ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር ሳለን ጎረቤታችን ነበሩ። እኔ ሆስፒታል ሺፍት ላይ ስሆን ልጄን ከትምህርት ቤት ባስ ተቀብለው ቤታቸው የሚያቆዩልኝ እሳቸው ነበሩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ልጄ አንድ ቀን በር ላይ ቆማ አልጠበቀችኝም። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ጾም ሲገባ ሥጋ እንዳይሰጧት ስነግራቸው ለምን አላሉኝም፤ ግድግዳቸው ላይ ያለው ካላንደር ላይ ምልክት አደረጉ። ሳሎናቸው ውስጥ ግን ሁልጊዜ የአገራቸው ልጆች ይለማመዱ ነበርና ልጄም ከእነሱ ጋር ቀሚስ ዘርግታ መዞር ጀመረች።

ቀሚሱን ፖዬራ ይሉታል። ነጭ፣ ሰፊ፣ በእጅ የተጠለፈ ነው። አንዷን ልጅ ለማልበስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ጸጉር መሀል ለመሀል ይከፈላል፤ ስትራመድ የሚንቀጠቀጡ ነጫጭ ጌጦች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሰካሉ፤ አንገት ላይ ጥቁር ጥብጣብ ይታሰራል። የጥፍር ቀለም የለም። ሰዓት የለም። ማስቲካ የለም። ይህን ጥብቅነታቸውን እወደው ነበር። የእኔን ቤት ይመስለኝ ነበር።

የሚለማመዱበት አዳራሽ ፋርመርስ ብራንች የሚባል ከተማ፣ ከመጋዘኖች ኋላ ነው። ስገባ ልጆቹ ተሰልፈው ነበር። ሰላም ሳልል ለአስተማሪዋ መዳፌን ከነክሩ ዘረጋሁ።

«ማዘር፣ ይህን ያስቆረጡት እርስዎ ነዎት?»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። «ያላችሁን አውልቁ ብያለሁ። ምንድን ነው?»

«የጥምቀቷ ነው።»

«ስድስት ዓመት አንገቷ ላይ ሳየው ጌጥ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ነግረሽኛል?»

አልነገርኳቸውም። ይህ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

«አሁን ነገርኩዎት። ተመልሶ ይታሰርላታል።»

«ከጥብጣቡ በታች ይታያል፣ ልጄ። በፖዬራ አይሆንም።»

«እንግዲያው አትጨፍርም።»

እሳቸውም ተቆጡ። «ዓምና አንዷ መነጽሯን ጸጉሯ ላይ ረስታ ጨፈረች። ቪዲዮው አገሬ ደረሰ። አሜሪካ ገብታችሁ ረሳችሁት ብለው ተሳሳቁብን፤ የገዛ እህቴ ሳትቀር። እዚህ ሠላሳ ዓመት ስኖር አንዲት ስፌት አልለወጥኩም።»

«እኔም አልለውጥም» አልኩ።

ልጄ ከሰልፉ ውስጥ ሆና ለጓደኛዋ፣ «አየሽ፣ ሁለቱም አንድ ናቸው» ስትል ሰማኋት። ይዣት ወጣሁ።

ማተቧን ያን ዕለት መልሼ አሰርኩላት። እምቢ አላለችም፤ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ያን ሳምንት ጸሎት ላይ ቆሜ እንኳ ለሴትዮዋ የምመልሰውን ቃል ሳዘጋጅ እገኝ ነበር። ውዳሴ ማርያም ጀምሬ መሀሉ ላይ «ጌጥ ይመስለኝ ነበር» ያሉት ይመጣብኛል። እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ላደረጉልኝ ሳመሰግን የኖርኩ ሰው፣ አሁን ምስጋናው ራሱ ከበደኝ።

ሐሙስ ስልክ ደወሉ። ሰላምታ የለም። «ቅዳሜ ጠዋት ለትርኢቱ ዴንተን አምጫት። ክሯን አስረሽ።» ዘጉት።

ከራሴ ጋር ስሟገት ሰንብቼ ወሰድኳት። ዴንተን ባለው ዩኒቨርሲቲ ከአዳራሹ ኋላ፣ በጠባብ ክፍል አስተማሪዋ ልጆቹን ያለብሷቸው ነበር። ልጄን ወንበር ላይ አስቀመጧት። ጸጉሯን ከፈሉ፤ ጌጦቹን አንድ በአንድ ሰኩ። እኔ በር ላይ ቆሜ እጆቻቸውን እጠብቃለሁ፤ ክሩን ከነኩት ይዣት ልሄድ። ከቦርሳቸው ጥቁር ጥብጣብ አወጡ። ከበፊቱ ሁለት ጣት ይሰፋል። አንገቷ ላይ ጠቅልለው ከኋላ ሰፉት። ማተቡ ከነመስቀሉ ከሥሩ ገባ።

ዞር ስል ሌሎቹንም አየሁ። ስምንቱም ልጆች ያን ሰፊ ጥብጣብ አስረዋል።

«ለእሷ ብቻ ባደርግ ተለይታ ትታያለች» አሉ፣ መርፌውን በጥርሳቸው እንደያዙ። «በሰልፍ ላይ መለየት የለም።» እኔን አላዩኝም።

ልጄ ጨፈረች። ቀሚሱን ግራና ቀኝ ዘርግታ ስትዞር የጸጉሯ ጌጦች እንደ ጤዛ ይርገበገቡ ነበር። አላጨበጨብኩም፤ እጆቼን አጣምሬ አየሁ።

ሲጨርሱ አንድ ባርኔጣ ያደረጉ የአገራቸው ሽማግሌ ወደ አስተማሪዋ መጡ። በስፓኒሽ ነው የተናገሩት፤ ጣታቸው ግን የልጄ አንገት ላይ ነበር።

«ምን ይላሉ?» አልኳት ልጄን።

«ጥብጣቡ በጣም ሰፊ ነው ይላል። በእኛ አገር እንዲህ አይታሰርም፣ ማን ነው ያስተማረሽ እያላት ነው።»

የሴትዮዋ ፊት ቀላ። የእኔ ሥራ ነው ልል ወደ ፊት ስራመድ አስተማሪዋ የእጄን አንጓ ያዙኝ፤ አጥንቴ እስኪሰማኝ ድረስ ጨበጡት። ከዚያ ለሰውየው አንድ ነገር ብቻ አሉ።

«በእኔ ቡድን እንዲህ ነው አለችው» አለች ልጄ።

ሽማግሌው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። መኪናው ጋ እስክደርስ በእሳቸው ስናደድ ነበር። ስድስት ዓመት ልጄን ያሳደጉልኝን ሴት በማን ፊት ነው የሚያዋርዷቸው። ከሳምንት በፊት ግን በልጆቹ ፊት መዳፌን የዘረጋሁባቸው እኔ ነበርኩ። የእጄ አንጓ ቀልቶ ነበር።

ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ የጥብጣቡን ስፌት ተረተረች፤ ማተቧ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ማም፣ ቲቸር እኮ ዛሬ ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀችኝ። አላወቅኩም። የጥምቀት ነው ብቻ አልኳት። ሶ፣ ለምንድን ነው የሚታሰረው?»

አሥራ ሦስት ዓመት አሰርኩላት፤ አንድ ቀን አልነገርኳትም። በቁጣዬ ልመልስላት አፌን ከፈትኩ፤ ቁጣው ግን በማን ላይ እንደሆነ ጠፋብኝ።

ሬዲዮውን ዘጋሁ። ከዴንተን እስከ ቤታችን መንገዱ ረጅም ነው። ከሰማንያ ቀኗ ጀመርኩላት።