ወደፊት የምታስኬደው ቁልፍ

«ዘግተህብኛል። የእኔን ብቻ ለይተህ ዘግተህብኛል።»

«አልዘጋሁም አልኩህ እኮ።»

«ታዲያ ምነው እናንተን አስገብቶ እኔን በር ላይ ያቆመኛል?»

ዲያቆኑ ሊመልስ ቀና ሲል፣ የወገራው ልጅ ኪቦርዱን ከነገመዱ ነቅሎ ጆሮ ግንዱ ላይ አሳረፈበት። ቁልፎቹ እንደተፈለፈለ በቆሎ ወለሉ ላይ ተበተኑ። አንዷ ተንከባላ እግሬ ሥር ቆመች።

ያቺ ቁልፍ ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ አለች። በጨዋታው ውስጥ ሰውዬውን ወደፊት የምታስኬደው እሷ ነበረች፤ ከመነካቷ ብዛት ፊደሏ ጠፍቶ እንደ ወንዝ ጠጠር ለስልሳለች። ግጥም እምቢ ሲለኝ በአውራ ጣቴ አሻታለሁ። ወዲያው ቆርቆሮ የሚደበድበው የነሐሴ ዝናብ ይሰማኛል፣ የጋለ ሽቦና የረጠበ ጋቢ ሽታ ይመጣብኛል። የምመልስለት ሰው ስለሌለ እኔው ጋ ቀርታለች።

ሦስት ጓደኛሞች ነበርን። የወገራው ልጅ ከአምባ ጊዮርጊስ መጥቶ ከከተማችን አራዳ ወረድ ብሎ ጌም ቤት ከፍቷል። ዲያቆኑ የቄስ ልጅ ነው፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት ኮምፒውተር። እኔ ፎቶ ቤት ተቀምጬ የሰርግ ቪዲዮ እየቆረጥኩ፣ በመሀል በመሀሉ ግጥም እሞነጫጭር ነበር።

በዚያ ክረምት የወገራውን ታላቅ ወንድም በእርሻ ድንበር የተጣላ ጎረቤቱ በጥይት ገደለው። ጓደኛችን ከሐዘን ሲመለስ፣ ደም እንዳልመለሰ ሰው፣ ጠጉሩን አልተላጨም። ኪቦርዱ በተነሳበት ቀን ጠዋት አጎቱ በአውቶቡስ መጡና በሩ ላይ ካለው አግዳሚ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። ለምን እንደመጡ የጠየቀ የለም። ጠመንጃው አገር ቤት ተሰቅሏል፤ የጎደለው ደም የሚመልሰው ወንድ ነበር።

የወገራው «ከልጆቹ ጋር አንድ ጌም ልጫወትና እንሄዳለን፣ አያ» አላቸው። እሳቸውም ለመሰነባበቻ ነው ብለው ፈቀዱ።

ዲያቆኑ ወደ ጓዳ ስቦኝ በሹክሹክታ ነገረኝ። ቄሱ አባቱ መስቀላቸውን ይዘው፣ ሽማግሌ አስከትለው የወገራውን ደሙን እንዲተው ሊለምኑት ተስማምተዋል። ግን ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነው፤ ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ልጁን ከዚህ ቤት እንዳይወጣ መያዝ የእኛ ፋንታ ሆነ። የምንይዝበትም ከጨዋታ ሌላ ምንም አልነበረንም።

ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሰንብቷል። አብረን ለመጫወት ጨዋታውን የሚያስተናግድ የራሳችንን ሰርቨር ማቆም ነበረብን። ፋይሉ በፍላሽ ከባሕር ዳር መጥቶልናል፤ አጫጫኑን ግን ያወቀው ዲያቆኑ ብቻ ነው። አንድ ቀን ኔትወርክ ብልጭ ባለች ጊዜ መመሪያው ያለበትን ገጽ አገኘውና፣ እንደ ቆሎ ትምህርት ቤት ልማዱ፣ እየደጋገመ ከነነጥቡ ከነሰረዙ በቃሉ ያዘው። የወገራው አጎት ደጅ እንደተቀመጡ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ወገቡን እያወዛወዘ ሲያወርድልኝ እኔ እየተከተልኩ እጽፋለሁ። አጎቱ ከውጭ ሰምተው ዳዊት የሚደግም መስሏቸው ኖሮ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ ገለጡ።

መጀመሪያ የጫንነው በወገራው ዊንዶውስ ላይ ነው። ቀጥል፣ ቀጥል እያልን ጨረስነው፤ የኮምፒውተሩ ዘበኛ ፋየርዎሉ አላሳልፍም ሲል እሱንም ከፈትንለት። ሊነሳ ሲል መብራት ጠፋ፣ ሁሉም እንዳልነበር ሆነ። መብራቱ ሲመለስ እኔ ከፎቶ ቤት ተሸክሜ ባመጣሁት ማክ ኮምፒውተር ሞከርን። ማክ ሆዬ ሰሪውን አላውቀውም ብሎ ተገተረ፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ፈቃድ ብሰጠውም እየተነሳ ወደቀ። የቀረው የዲያቆኑ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ሊኑክስ ነበር፤ ባትሪም አለው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ የመጨረሻውን ትእዛዝ ስጽፍ ሰርቨሩ ተነሳ።

እኔ በማኬ ገባሁ። ዲያቆኑ በዚያው በላፕቶፑ ገባ። የወገራውን ግን መለሰው። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ መለሰው። ኪቦርዱ የተነሳው ያን ጊዜ ነው።

ልገላግል መሀል ስገባ በክርኑ አፌን አለኝ፤ የደሙ ጨው ዛሬም ምላሴ ላይ አለ። ዲያቆኑን ጉሮሮውን ይዞ ከግድግዳው አጣበቀው።

«ወንድሜን ገደሉብኝ። አንተ ደግሞ በር ትዘጋብኛለህ?»

ዲያቆኑ እጁን አላነሳበትም። ፊቱ እየጠቆረ በጣቱ የስክሪኑን ጥግ ያሳየኛል። አየሁት፤ ሰዓቱ ነው። የወገራው ለፈረንጅ ሰዓት አልገዛም ብሎ፣ ቤቱን በከፈተ ጊዜ ማሽኑን በእኛ ሰዓትና በእኛ ዘመን ሞልቶት ነበር። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ገቢ ቀን የተጻፈበት ማለፊያ ይሰጣል። የእሱ ማሽን ቀኑን ሲያይ ገና ያልደረሰ ዘመን ሆነበት፤ አልቀበልም አለ።

ይህን ስነግረው ጣቶቹ ላሉ። ሰዓቱን እኔ አስተካከልኩለት። ዓመታቱ በአንድ ጠቅታ ሲዘሉ እያየ ቆየና፣ ኪቦርዱን ከመሬት አንስቶ ሰካው። ቁልፏን ስዘረጋለት አላያትም፤ በባዶው ጉጥ ላይ ጣቱን አድርጎ ገባ።

ከዚያ በጨዋታው ውስጥ ፈጀን። እኔን ደረጃ ላይ በጩቤ፣ ዲያቆኑን መስኮት ሥር በጥይት፣ እንደገና ስንነሳ እንደገና። ግድግዳው ሁሉ ደም። ዲያቆኑ ጆሮው አብጦ፣ አንገቱ ቀልቶ፣ «ምነው፣ የቅድሙ አይበቃህም?» ሲለው የወገራው ሳቀ። ከሐዘኑ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ያዝነው ብዬ ነበር።

በሩ ላይ አጎቱ ብቅ አሉ። «ልጄ፣ አላለቀም?»

ዲያቆኑ ደነገጠ። «አንድ ብቻ፣ አያ» አላቸውና ወደ ጓደኛችን ዞሮ «አንድ ጨምር» አለው። ቀጥሎም ማለት ያልነበረበትን አለ፤ «አባቴ እስኪደርስ ብቻ።»

የወገራው ማውሱን በቀስታ አስቀመጠ። ዲያቆኑን አየው፣ እኔን አየኝ። አልተቆጣም። እጅጌውን ወደ መዳፉ ሳብ አድርጎ ከዲያቆኑ ጆሮ ሥር የደረቀውን ደም ጠረገለት።

«ሸጋ ሰርቨር ነው» አለ። «እንዳታጠፉት።»

ተነሳ። ስክሪኑ ላይ ሰውዬው ባለበት ቆሞ ቀረ፤ ማናችንም አልተኮስንበትም። ዝናቡ በነፋስ እየተገፋ ወደ ውስጥ ይረጭ ነበር። አጎቱን ተከትሎ ደጃፉን ከተሻገረ በኋላ መለስ ብሎ አየን፤ ማሽኖቹን እንዳያርስብን የቆርቆሮውን በር ወደራሱ ሳበና ዘጋው።