ግማሹን የዋጥኩት ቁጥር

ከዚህ በፊት ከልብስ ልኬት በስተቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ጦርነቱ ሲመጣ ቆመ። ስፌት ቤት ገና ለምትገቡ ልጆች ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው።

ሥራ የጀመርኩት በአሥራ አራት ዓመቴ፣ ከሰሜን ወደ አዲስ አበባ መጥቼ እሪ በከንቱ ሰፈር አክስቴ ዘንድ ተጠግቼ ሳለሁ ነው። ስፌት ቤቱ ፒያሳ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ መኩሪያ ጨርቅ ይቆርጣሉ፤ ሲሳይ ካውያ ላይ ነው።

"እኔ የዚህ ቤት ተኳሽ ነኝ" አለኝ ሲሳይ በመጀመሪያው ቀን።

ደነገጥኩ። እኔ በመጣሁበት ተኳሽ ሌላ ነበር። ካውያውን ብድግ አድርጎ አሳየኝ።

"ልብስ ነው እኮ የምተኩሰው። ምን አስደነገጠሽ?" ሳቁን ትቶ ፊቴን አየኝ። "ከየት ነሽ ለመሆኑ?"

"ከወሎ።"

ውሸት አይደለም፤ አባቴ የወሎ ሰው ነው። ከእናቴ ጋር የምናወራው ግን በትግርኛ ነው። አክስቴ በጦርነቱ ሰበብ እንዳልያዝ ፈርታ ይህን ከቤት ውጭ እንዳላነሳው አጥብቃ ነግራኛለች።

ሥራዬ ቁልፍ መስፋት ነበር። ክሩን ሰም አስነካዋለሁ፤ ቁልፉ ጨርቁ ላይ እንዳይጣበቅ የክብሪት እንጨት ከሥሩ አስገብቼ እሰፋለሁ፤ ከዚያ እንጨቱን መዝዤ ክሩን እጠመጥማለሁ።

ሲሳይ በየቀኑ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። "እናትሽ አይደውሉም እንዴ?" ሲለኝ "ይደውላሉ" እላለሁ። እናቴ ያለችበት አገር ስልክ ከተቋረጠ ወራት አልፎ ነበር። የምመልስለትን ሁሉ ለፖሊስ የሚያደርስ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን የአንድ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ልናስረክብ ስንጣደፍ ሲሳይ "ቁልፍ ያልተሰፋለት ስንት ኮት ቀረ?" ብሎ ጮኸ። እኔ በልቤ የምቆጥረው በእናቴ ቋንቋ ነው። "ኣርባዕተ" ልል አፌን ከፍቼ መሃል ላይ ነቃሁ። የቀረውን ዋጥኩት።

"አርባ!" አለ ሲሳይ ለጋሽ መኩሪያ።

ላርም ብል ለምን አርባ እንዳልኩ እንዳይጠይቀኝ ፈራሁ። ጋሽ መኩሪያ ለደንበኛው ደውለው ገና አርባ ኮት ስለቀረ ዛሬ እንደማይደርስ ነገሩት። ሰውየው ተቆጥቶ "መጣሁ፣ ሥራውን ለሌላ እሰጣለሁ" አላቸው። ስልኩን ዘግተው መጡና ራሳቸው ቆጠሩ። አራት ኮት ነው።

"አርባ ያልሽው ለምንድን ነው?"

መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰካሁ።

"ጋሼ፣ እኔ ልንገርዎት?" አለ ሲሳይ። "ሠላሳ ስድስቱን ያላለቀ አስመስላ አስቀርታ ልታሸሽ ነው። ይቺ ልጅ ከመጣች ጀምሮ አንድ ነገር እንደደበቀች ነው።"

ሌባ ከተባልኩ ያን ቀን እባረራለሁ። እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ ምን እንደሚመጣ አላውቅም።

"በትግርኛ ነው የቆጠርኩት" አልኩ። "አራት ነው ያልኩት። ግማሹን ዋጥኩት።"

ሲሳይ ካውያውን አስቀመጠ። ጋሽ መኩሪያ ሊናገሩ ሲሉ ደንበኛው ገብቶ የቀሩት አራት ኮቶች ብቻ መሆናቸውን አየ።

"ማነው አርባ ብሎ የቆጠረው?"

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ መኩሪያ። "ጆሮዬ ደከመ መሰለኝ፤ በትክክል አልሰማሁም። አራት ነው፤ ሻይ እስክትጠጣ ያልቃል።"

ሰውየው ወደ ሲሳይ ዞረ። "እውነት ነው?"

ሲሳይ እኔን አየኝ። "አዎ፣ ጆሯቸው አስቸግሯቸዋል" አለ።

አራቱን ኮት ጨረስኩ። ከዚያ በኋላም ብዙ ሳምንት በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሊወስዱኝ የመጡ ይመስለኝ ነበር። ማንም አልመጣም።

አሁን ራሴ ቆራጭ ነኝ። ቁጥር ስትጠየቁ እስከ መጨረሻው ተናገሩ፤ የጠየቃችሁም የሰማውን መልሶ ይንገራችሁ። ከሥራው የተማርኩት ይህን ነው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ የፒያሳው ፎቅ ሊፈርስ ሆኖ ዕቃ ስናወጣ ሲሳይ ካውያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ደረጃው ላይ ቆመ። ወደ ሌላ ስፌት ቤት መሄዱ ነበር።

"ያን ጊዜ ጠርጥረሽኝ ነበር፣ አይደል?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

"እኔም አንቺን" አለኝ።