የኔታ ሲነሱ የሚጀምር ማሲንቆ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ንፋስ መውጫ

የጥር ብርድ ንፋስ መውጫ ላይ ሰው አይመርጥም። መነኸሪያው ውስጥ ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ ድንች የጫነው ነጋዴም፣ እኔም እኩል እንንቀጠቀጣለን። ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሳም። እኔ ደግሞ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ወርጄ ገባሁ፣ ወርጄ ገባሁ።

«አረፍ በይ እንጂ ልጄ። አንቺ ስለወረድሽ ተሳፋሪ አይመጣም» አሉኝ የኔታ።

የኔታ አባቴ ናቸው። የቅኔና የዜማ መምህር ስለሆኑ ከተማው ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው፤ እኛ ልጆቻቸውም ከተማሪዎቹ አፍ ለቅመን እንደዛው ስንላቸው አደግን። እኔ ኢኮኖሚክስ ተመርቄ ቤት ተቀምጫለሁ። ሥራ ያላገኘ ተመራቂ ማለት የቤተሰብ የጋራ ንብረት ነው። ወፍጮ ቤት እሱ ይሄዳል፣ ቀበሌ እሱ ይሰለፋል፣ አባት አጅቦ አገር የሚያዞረውም እሱ ነው።

«ወዴት ነው የኔታ?» ለሚላቸው ሁሉ «ዘመድ ጥየቃ» ይላሉ። እኔ ግን አንባቢን አልዋሽም። የምንሄደው አዝማሪ ፍለጋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግራ ጆሯቸው ከሄደ ቆይቷል። በቅርቡ ደብረ ታቦር ሐኪም ጋ ወስጃቸው ቀኙም እየተከተለ እንደሆነ ተነገረን፤ እስከ መቼ እንደሚቆይ ሐኪሙም አላወቀም። ስንመለስ ሹፌሩ ፍላሽ ሰክቶ ማሲንቆ ከፈተ። እኔ «ቀንስልን» ልል ስል የኔታ በቀኝ ጆሯቸው ወደ ስፒከሩ ተጠጉ።

«ይሄ የስማዳው ፈንቴ ነው» አሉ። «አወቅኩት።»

ትንሽ ቆይቶ ሹፌሩ ስልክ ተደወለለትና ማሲንቆውን ዘጋው። የኔታ መስኮት መስኮቱን እያዩ «ይሄን ሰው አንድ ቀን እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም» አሉ።

በእኛ አገር ሰርግ ላይ ካህናቱና መምህራኑ ማዕዱን ባርከው፣ በልተው፣ ሙሽሮቹን መርቀው ይነሳሉ። አዝማሪው የሚጀምረው እነሱ ሲወጡ ነው። አባቴ እንግዲህ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰሙት መጀመሪያውን ብቻ ነው፣ ያውም ጫማቸውን እያደረጉ። «ጆሮዬ ሳይዘጋ አንዴ ልስማው» አሉ። የጉዞው ምክንያት ይሄው ነው፣ ሌላ የለውም።

እኔ ማሲንቆ አልወድም ነበር። ጎረቤት ሰርግ ሲኖር መስኮት ዘግቼ ኢርፎን የምሰካ ሰው ነኝ። ሙዚቃ ቶሎ ሲጀምር ነው የምወደው፤ ማሲንቆ እስኪቃኝ ድረስ ሰው ምሳ በልቶ እጁን ይታጠባል።

ቅዳሜ ረፋድ፣ ወደ ስማዳ

ሞላልን። መንገዱ ክፍት መሆኑን ሹፌሩ ሁለት ቦታ ደውሎ ጠየቀና ተነሳን። ከአስፋልቱ ወርደን ወደ ታች ጋይንት ስንታጠፍ አቧራው በመስኮት ይገባል፣ በሌላው መስኮት ይወጣል፣ መሀል ላይ ያለነውን ዱቄት አድርጎን ነው የሚያልፈው። በግራም በቀኝም አውድማ ነው። በሬዎቹ ገብስ ላይ ይዞራሉ፣ ሰዎቹ በመንሽ ወደ ላይ ይበትናሉ፣ ንፋሱ ገለባውን ወስዶ ሚኒባሳችን ላይ ይለጥፋል። ኋላ ወንበር ላይ አንዲት ዶሮ ከባለቤቷ ጋር ትከራከራለች።

ሹፌሩ ለካ የየኔታ ተማሪ ነበር።

«ዳዊት ሳልጨርስ ነው የሸሸሁት» አለ በመስታወት እያየን። «የኔታ፣ ጥምጣምዎስ? ዛሬ ኮፍያ አድርገው አየሁ።»

«በርዶኝ ነው።»

«ለብርድማ ጥምጣሙ አይሻልም?»

«መንገዱን እይ።»

እኔ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት። ጥምጣሙን በቦርሳቸው ይዘውታል። ኮፍያ ያደረጉት ሰው እንዳያውቃቸው ነው፤ ግን አርብ ገበያ የምትባለው ከተማ ሻይ ልንጠጣ ስንወርድ ባለሻይዋ፣ ጫማ ጠራጊው፣ ሌላው ቀርቶ ግድግዳ ጥግ ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌ ሳይቀሩ «እንዴት አደሩ የኔታ» አሏቸው። ኮፍያው የደበቀው ነገር ቢኖር ፀጉራቸውን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወገዳ

ወገዳ ስንደርስ ገበያው ሊበተን ነው። ሽንብራ፣ ባቄላ፣ የእንሰራ ክምር፣ ስልክ መሸፈኛ የሚሸጥ ልጅ፣ ዕቃውን አህያ ላይ የሚጭን ሰው። መብራት የለም። «ከሐሙስ ጀምሮ» አሉን፣ አንድ ሰው ግን «ከረቡዕ» ብሎ ተከራከረ። ስልኬ ሊሞት ትንሽ ቀርቶታል፤ ለምን ቻርጅ አድርጌ እንዳልወጣሁ እኔም አላውቅም።

የአያ ፈንቴ ቤት ከገበያው ጀርባ ነው። ሚስታቸው እትዬ ጥሩ በሩን ከፈቱና የኔታን ሲያዩ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም» አልኩ።

«መሪጌታ እኔ ቤት ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ ታዲያ? ፈንቴ ነው አይደል? መንገድ ላይ ነው?»

የኔታ ኮፍያቸውን ማሽከርከር ያዙ። ዘመድ ጥየቃ ሊሉ መሆኑ ገብቶኝ ቀደምኳቸው። «ማሲንቆ ሊሰሙ ነው የመጡት።»

እትዬ ጥሩ መጀመሪያ እኔን አዩ፣ ከዚያ እሳቸውን አዩ፣ ከዚያ በሩ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። የኔታም ፈገግ አሉ፣ ምን ያድርጉ።

አያ ፈንቴ የሉም። ጠዋት ወደ እስቴ ሄደዋል፤ ነገ እዚያው መካነ ኢየሱስ ከተማ ዳር ሰርግ አለባቸው። እትዬ ጥሩ ንፍሮና ጠላ አቀረቡልን። ግድግዳው ላይ የማሲንቆው ችንካር ባዶውን ቀርቷል፤ አጠገቡ የፈረስ ጭራ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል። እጄን ስሰድ «እሱ ያንቺ አገር ሰው ነው» አሉኝ። «የጋይንት ፈረስ ነው። ወንድ መሆን አለበት። የባዝራ ጭራ ሽንት ስለሚነካው አይጮህም።»

አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስማር እንደዚህ ቁርጥ ያለ መረጃ የሰጠኝ ሰው የለም። ማታ የኔታ ከሚያውቋቸው ቄስ ቤት አደርን፣ ስልኬም እዚያው ሞተ።

እሁድ፣ መካነ ኢየሱስ

የኔታ ሳያስቀድሱ መንገድ አይወጡም። ከቅዳሴ በኋላ የአይሱዙ ጋቢና አግኝተን ወጣን። ስለ መንገዱ የማወራው የለኝም፤ ወገቤ ያወራል። ሹፌሩ እያንዳንዱን ጉድጓድ በስሙ ያውቀዋል፣ ግን አንዱንም አያልፈውም። ስልክ ስለሌለኝ ተራራ አየሁ፣ ገደል አየሁ፣ የኔታ በከንፈራቸው ዜማ ሲሉ ሰማሁ። ሁልጊዜ ጠዋት ቤት ውስጥ ይሉታል። ለካ እስከ ዛሬ እንደ ጎረቤት ጄኔሬተር ነበር የምሰማቸው።

መካነ ኢየሱስ ደርሰን ባጃጅ ያዝን። ሰርጉን ለማግኘት ችግር የለውም፣ ከሩቅ እልልታ ነው። ዳሱ በር ላይ «እንግዶች ነን፣ ቆመን እናያለን» ስል የሙሽራው አባት ሰምተውም አልሰሙኝ። የኔታን ክንዳቸውን ይዘው ከካህናቱም በላይ ዳሱ አናት ላይ አስቀመጧቸው። እኔን ደግሞ ከሴቶቹ ጋር ወጥ ማውጫው ጋ።

አያ ፈንቴ ምሰሶው ሥር ተቀምጠዋል። ቀጭን ናቸው፣ የሰርግ ኮት አድርገዋል፣ ማሲንቆው በጨርቅ ተጠቅልሎ ጉልበታቸው ላይ ነው። የኔታን ሲያዩ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

ማዕዱ ተባረከ፣ ተበላ፣ ሙሽሮቹ ተመረቁ። ካህናቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ሊነሱ አኮበኮቡ። የኔታ አልተነሱም። ትልቁ ሳይነሳ ትንሹ አይነሳም፤ ካህናቱ ተመልሰው ተቀመጡ። ጠላ ተጨመረ። ሚዜዎቹ ወገባቸውን በነጠላ አስረው ቆመዋል። የኔታ አያ ፈንቴን ያያሉ፣ አያ ፈንቴ የኔታን ያያሉ።  ጠላ እንደገና ተጨመረ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ «ሙሽራይቱ ልታረጅ ነው» አለች።

እኔ አልቻልኩም። ተሽሎክሉኬ ምሰሶው ጋ ሄድኩ።

«አያ ፈንቴ፣ ለምን አይጀምሩም?»

«አባትሽ መች ተነሱ?»

«ሊነሱ እኮ አይደለም የመጡት። እርስዎን ሊሰሙ ነው።»

«እኔን?» አያ ፈንቴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እኔ የምጀምረው የየኔታ ጋቢ በበሩ ሲወጣ ነው። ከጎረምሳነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ፊታቸውን እያየሁ እጄ እንዴት ይታዘዘኛል?»

ወደ የኔታ ዞሬ ይሄንኑ ልነግራቸው በቀኝ ጆሯቸው ጠጋ አልኩ። በሹክሹክታ ስላቸው አልሰሙኝም። ጮክ ስል ዳሱ ሁሉ ሰማ።

«የኔታ፣ አያ ፈንቴ እርስዎ እስኪወጡ እየጠበቁ ነው። ማሲንቆ ሊሰሙ መምጣትዎን አላወቁም ነበር።»

 አንዱ ቄስ ሳል አሉ። የዚህ አገር የቅኔ መምህር ማሲንቆ ሊሰሙ መጡ የሚባለው ወሬ ከእኛ ቀድሞ ንፋስ መውጫ እንደሚገባ እኔም እሳቸውም እናውቃለን። መሬት ተሰንጥቃ እንድትውጠኝ ተመኘሁ።

የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ። ካህናቱ ቀልጠፍ ብለው ተከተሉ። ሰው ሁሉ ቆመ። በበሩ ወጡ፣ ጋቢያቸው የበሩን ጠርዝ አልፎ ጠፋ። አያ ፈንቴ ጨርቁን ፈቱ፣ ደጋኑን አነሱ፣ ማሲንቆው አንድ ረጅም ድምፅ አወጣ። በቃ፣ አሳፍሬያቸው ሊሄዱ ነው ብዬ ቦርሳቸውን ፍለጋ ዞርኩ። ቦርሳው የለም።

ያኔ ተመልሰው ገቡ። ኮፍያው የለም፤ ነጩን ጥምጣም ጠምጥመዋል። አናት ላይ ወዳለው ወንበር አልሄዱም። ሚዜዎቹን እየገፉ ምሰሶው ሥር መጡና ዱካ የምንለውን በርጩማ ስበው ከአያ ፈንቴ ግራ ተቀመጡ፣ ቀኝ ጆሯቸውን ወደ ማሲንቆው አድርገው።

«በሥርዓቱ ወጥቻለሁ» አሉ ጮክ ብለው። «አሁን የገባሁት ሌላ እንግዳ ነኝ። የቀረኝ ጆሮ በዚህ በኩል ነው፣ ፈንቴ፤ ቶሎ በል።»

አያ ፈንቴ እንኳን ቶሎ ሊሉ፣ ደጋኑን እንደገና ሙጫ አስነኩት፣ ቃኙ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ ቃኙ። ለመጀመሪያ ጊዜ አላስቸኮለኝም። ከዚያ፦

«ጋቢዎን ከኋላ ሳየው ነው የኖርሁት፣
መልክዎ እንዲህ ኖሯል፣ ዛሬ ገና አየሁት።»

ዳሱ ፈነዳ። ሳል ያሉት ቄስ ሳይቀሩ በሩ ላይ ቆመው ይስቃሉ፤ ለካ እሳቸውም አልሄዱም። የኔታ ግን አልሳቁም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በመቋሚያቸው መሬቱን እየነኩ ይሰማሉ። ደጋኑ ሲሳብ ፈረሱ ሲያንኮራፋ የሚሰማ መሰለኝ፣ ከሥሩ ደግሞ የሰው ጉሮሮ። አያ ፈንቴ ሙሽራውን አሞገሱ፣ አማትየውን ነካ አደረጉ፣ እኔን «ችኩሏ የጋይንት ልጅ» ብለው ወረፉኝ። ስልክ በእጄ የለም፣ የምቀዳበት የለም። ስለዚህ ሰማሁ። ሌላ ምን ላደርግ።

መጨረሻ ላይ አያ ፈንቴ ድምፃቸውን ቀንሰው ወደ የኔታ ጎንበስ አሉና አንድ ስንኝ አሉ። ሰዉ እልል ሲል ጨርሰው ደጋኑን አስቀመጡ።

ሰኞ፣ ወደ ቤት

የደብረ ታቦር አውቶብስ ጠዋት ከመካነ ኢየሱስ ሲነሳ ሰው እስከ በሩ ሞልቷል። የኔታ መስኮት ጋ ናቸው፣ ጥምጣማቸውን አድርገዋል። ያወቃቸው ሁሉ ሰላም ይላቸዋል፤ «ወዴት ነበር?» ያላቸውን «ሰርግ ነበርኩ» ብለው መለሱለት። እኔ በቀኛቸው ተቀምጫለሁ።

ወደ እኔ ዞሩና «ፈንቴ ሲጨርስ ምን አለ?» አሉኝ።

«አልሰሙትም?»

«እልልታው መጣ። ከንፈሩን ነው ያየሁት።»

ይሄን ሁሉ መንገድ መጥተው መጨረሻው አመለጣቸው። ስልኬ ቢኖር ቀድቼው ነበር ብዬ ልናደድ ስል ስንኙ አፌ ላይ መሆኑ ታወቀኝ። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ነገርኳቸው።

«በቃል አይደለም» አሉ። «በዜማው በይው።»

«አውቶብስ ውስጥ?»

«ዳስ ውስጥ ስትጮሂብኝ አላፈርሽም።»

ከፊት ያለው ሰውዬ ዞረ። ይዙር። ቀኝ ጆሯቸው ላይ አፌን አድርጌ አዜምኩት፦

«በር ነው ጆሮ ማለት፣ ሲመሽም ይዘጋል፤
አስቀድሞ የገባው ውስጥ ሆኖ ያወጋል።»

የኔታ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙ። ለተማሪዎቻቸው እንደሚያደርጉት ጣታቸውን ቀስ ብለው ወደ ታች አወረዱ።

«‹ውስጥ ሆኖ› ላይ ወደ ላይ ወሰድሽው። እሱ እዚያ ጋ አወረደው።»

«እንዴት ያውቃሉ? አልሰሙትም እኮ።»

«ደጋኑን አይቼዋለሁ። ድገሚው።»

እኔን ዜማ አስተምረውኝ አያውቁም፣ እኔም አስተምሩኝ ብዬ አላውቅም። ደገምኩት። አሁንም አልወደዱትም። አውቶብሱ ደብረ ታቦር ደርሶ ረዳቱ «ወራጅ» ብሎ በሩን ሲመታ፣ ሰዉ ዕቃውን አውርዶ ሲጨርስ፣ እኛ እዚያው ቁጭ ብለን «ውስጥ ሆኖ» የሚለው ላይ ነበርን።