ከልጄ ፊት የቆመችው

እናቴ አንድ የማይሻር ሕግ አላት፤ ውጭ የመሄድ ነገር ቪዛው ፓስፖርት ላይ ሳይመታ አይወራም። "አፍ ያበላሻል" ትላለች። ስለዚህ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለዶክትሬት ማመልከቴን በዚህ ምድር ላይ የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ መሆን ነበረብን። አባቴ በሕይወት ቢኖር እሱም ሳይነገረው የሚቀር ይመስለኛል።

ችግሩ እናቴ ምስጢር ስትይዝ ያስታውቅባታል። ማመልከቻውን በላክሁ ሳምንት ገበያ ወርዳ ትልቅ ሰማያዊ ሻንጣ ገዛች። ሰው እንዳያየው ብላ ነጠላዋን አለበሰችው፤ ከባጃጅ ወርዳ ነጠላ የለበሰ ሻንጣ ታቅፋ በአዳማ ፀሐይ በሰፈሩ መሃል አለፈች። ከዚያ ደግሞ ጀሪካን እንዳላነሳ ከለከለችኝ። "ወገብሽ ይቀጭና!" እያለች ከእጄ ትነጥቀኛለች። የሰፈሩ ግማሽ አርግዛለች፣ ግማሹ ልትሄድ ነው ብሎ ነበር። ሆዴ እንደማይገፋ ሲያዩ ሁሉም ተስማሙ።

ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ግን ከመጀመሪያውም አልተሳሳቱም። የአርሲዋ ደራ ሴት ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን አዳማ ገበያ ቅቤ የሸጡ፣ እናቴን ከእህቶቿ በላይ የሚያውቋት። መልስ መምጣት በጀመረበት ሰሞን "አከም ጅርቱ?" እያሉ ገቡና በክዳን ዕቃ ሙሉ ጭኮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ጭኮ ከገብስ ዱቄትና ከንጥር ቅቤ የሚታሽ፣ ብዙ ቢቆይም የማይበላሽ የመንገደኛ ስንቅ ነው። ይህን የማያውቅ የአዳማ ሰው የለም።

"ለመንገድ አይደለም" አሉ ማንም ሳይጠይቃቸው። "እንዲሁ ነው።"

"የምን መንገድ?" አለች እናቴ።

"ኤጋ! እኔ ምን አውቄ?"

ሁለቱም ሳቃቸውን ዋጡ። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጥመው ስለነበር እናቴ ቅቤ አትነካ፣ ጎረቤታችን ቀን ቀን ውሃ አይቀምሱ። ጭኮው ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። ቤቱን በቅቤ ሽታ ሞልቶ ከእኔ ጋር መጠበቅ ጀመረ።

ላጠና ያመለከትሁት ትምህርት የአሜሪካ ጥናት ይባላል። እናቴ መጀመሪያ ስትሰማ፣ "ምን አመማት ብለሽ ነው የምታጠኛት? ደግሞስ ራሳቸው እዚያው አሉ አይደል?" አለችኝ። በረጅም መንገድ የሚጓዙ አሜሪካኖች ስለሚያድሩባቸው የመንገድ ዳር ሆቴሎች ልጽፍ እንደምፈልግ አስረዳኋት።

"የመንገድ ዳር ሆቴል?" አለች ዓይኗን አፍጥጣ። "ለሱማ አዳማ ምን አነሳት?"

እውነቷን ነው። አዳማ የጅቡቲ መስመር ሾፌር የሚያድርባት፣ የአዲስ አበባ ስብሰባ ሁሉ ከነአበሉ የሚወርድባት ከተማ ናት። ከትምህርት ቤት ስመለስ በየሆቴሉ በር የተንጠለጠለውን የአውደ ጥናት ባነር እያነበብሁ ነው ያደግሁት። ማመልከቻዬ ላይ የጻፍሁትም ይህንኑ ነው፤ ለእናቴ ግን አልነገርኋትም፣ ሐሳቡ የእኔ ነው ትላለች።

አሜሪካኖች ሲከለክሉ አመስግነው ነው የሚጀምሩት። የመጀመሪያውን መልስ ለእናቴ ስተረጉምላት፣ ስላመለከትሽ ከልብ እናመሰግናለን፣ ሥራሽን በደስታ ተመልክተናል የሚለው ጋ ስደርስ "እሰይ!" ብላ ተነሣች። እስከ መጨረሻው አነበብሁላት። "ወይ ጨዋነት!" አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ጎረቤታችን መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሰውን ባልተነገረ ነገር ማጽናናት አይቻልም። እጄን ያዙና "ዝናቡ ዘገየ" አሉኝ። "ግን ይመጣል። ረቢ ያውቃል።" ስለ ዝናብ ሲወራ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

ከዚያ አንድ ዩኒቨርሲቲ ተቀብለንሻል አለኝ፤ ገንዘቡን ግን ከየትም ፈልጊ። ቤታችንን ከነግቢው ብንሸጥ የአውሮፕላኑንና የመጀመሪያውን መንፈቅ ቢችል ነው። እናቴ "ላም አለኝ በሰማይ" ብላ ነገሩን ዘጋችው። እኔ አልዘጋሁትም። መልስ የምሰጥበት ጊዜ ገና ስለነበር ያዝሁት። ከአሜሪካ ያገኘሁት ብቸኛ እሺ እሱ ነው፤ ሥራ ቦታ በእረፍት ሰዓት ከፍቼ አነበውና ስልኬን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ።

የቀረው አንድ ብቻ ነበር። የምፈልገውን የሚያስተምር፣ ወጪውን ሁሉ የሚችል፣ ገና ሳመለክት ልቤ የሄደበት። እሱም እንቢ ካለ ሁለተኛ ላላመለክት፣ ኮሌጃችን ውስጥ የጀማሪ እንግሊዝኛ እያስተማርሁ ላረጅ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። መልሱ መጣ፤ እሺም እንቢም አይደለም። ቦታው ሞልቷል፣ ከተለቀቀ እንጠራሻለን፣ ተጠባባቂ ነሽ ይላል።

"መናኸሪያ አስቢው" አልኋት እናቴን። "አውቶቡሱ ሞልቷል። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። የተሳፈረ ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ከወረደ እገባለሁ።"

"ወንበሩን የያዘው ማን ነው?"

"አላውቅም።"

"ሴት ናት ወንድ?"

"እማዬ፣ እነሱ አይናገሩም።"

ትንሽ አሰበችና "ሴት ናት" አለች። "ወንድ ቢሆን እስካሁን ዘሎ ወርዶ ነበር።"

እናቴን አውቃታለሁና ያቺን ልጅ በጸሎት ጎትታ ታወርዳታለች ብዬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን በመጋረጃው በኩል ሰማኋት። ጸሎት የሚደረገው በክርስትና ስም ነው፤ የዚያች ስም ስለማይታወቅ እናቴ የራሷን አውጥታለች። "ከልጄ ፊት ለቆመችው" ትላለች፣ "ከዚህ የተሻለ ስጣት። ለእናቷ የሚቀርብ አገር ስጣት።" ከእኔ ስም በፊት ነው የጠራቻት። ቅር አለኝ፣ አልደብቅም።

ጎረቤታችንም አልቀሩም። አንድ ቀን አፍጥረው ብቅ አሉና "ለዚያችኛዋም ዱዓ አድርጌላታለሁ" አሉ።

"ለየትኛዋ?" አለች እናቴ።

"ለማላውቃት።"

"ደግ አደረግሽ።"

በዚህ መሃል የኮሌጃችን መምህራን ላንጋኖ ለሽርሽር ወጣን። ሰው ሁሉ ይዋኛል፤ እኔ ስልኬን በፌስታል ጠቅልዬ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ቆሜያለሁ፣ ኔትወርኩ እዚያ ይሻላል ተብዬ። መልእክት ገባ። ፌስታሉን ቀደድሁት። የኢንተርኔት ጥቅል ማስታወቂያ ነበር። ባልደረቦቼ የያኔውን ፎቶዬን እስካሁን ይላላኩታል።

የፋሲካ ዋዜማ እናቴና እኔ ለዶሮው ሽንኩርት ስንከትፍ እናቴ ድንገት "ያቺ ልጅ ግን ለምን አትወስንም?" አለች።

"ሌላ ቦታ መልስ ትጠብቅ ይሆናል። ሰው የያዘውን በቀላሉ አይለቅም።"

"እንዳንቺ?"

"እንደኔ ምን?"

"ያቺ የሰማይ ላምሽ" አለች ቢላዋዋን ሳታቆም። "እዚያስ ከኋላሽ የቆመ የለም?"

ይኑር አይኑር አስቤው አላውቅም ነበር። "እሱ ሌላ ነው" አልሁ።

"እሺ፣ ሌላ ነው።"

እናቴ እሺ ስትል ከምትቆጣው ይብሳል። እኔው ቱግ አልሁ። "ልልቀቀውና ያኛውም እንቢ ቢለኝስ? ባዶ እጄን ልቅር?"

"አሁንስ ምን ይዘሻል?"

ቢላዋውን ጥዬ ወጣሁ። ዓይኔ በሽንኩርቱም በንዴቱም ያነባል። ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ከእሷ ጋር በሆዴ ስከራከር ቆየሁ፤ ብዙ ጥሩ ጥሩ መልስ መጣልኝ፣ ግን ሁሉም መጨረሻው ላይ ያቺን ከኋላዬ የቆመች ልጅ ያመጣታል። እሷም እንደኔ ስልኳን በፌስታል ይዛ የሆነ ሐይቅ ውስጥ የቆመች መሰለኝ። እናቷ ከምን እንደምትከለክላትም አሰብሁ።

ዶሮው እሳት ላይ እያለ ለተቀበሉኝ ጻፍሁላቸው። ከእነሱ እንደተማርሁት አመስግኜ ጀመርሁ፤ ከዚያ ቦታዬን ለሌላ ስጡት አልሁ። ብቸኛዋ እሺዬ ሄደች። ጓዳ ገብቼ ለእናቴ ስነግራት "ጎሽ" አለችና ማማሰያውን አቀበለችኝ። በቃ፣ ያ ብቻ ነው። ከዚያ የበለጠ ነገር ጠብቄ ስለነበር በዓሉን በከፊል አኩርፌ ዋልሁ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ክፍል ገብቼ ላስተምር ስል መልእክቱ መጣ። አነበብሁት። ደግሜ አነበብሁት፤ በምስጋና አይጀምርም። ተማሪዎቼን አሰናብቼ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ፤ ሾፌሩ የት ሲለኝ "ቤት" አልሁት፣ የማን ቤት እንደሆነ የሚያውቅ ይመስል።

እናቴና ጎረቤታችን ግቢው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ጭኮው ከቁም ሳጥኑ ላይ ወርዶ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ እየበሉት ነው። እናቴ ስታየኝ ደነገጠች። "ከእንግዲህ ለማን ይቀመጣል ብለን…" ብላ ማንኪያዋን ደበቀች።

"ወንበሩ ተለቀቀ" አልሁ። "ከነሙሉ ወጪው። ጠሩኝ።"

ጎረቤታችን እልልታቸውን አቀለጡት። ከዚያ በይፋ ምንም እንደማያውቁ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን ያዙና "ምንድን ነው እሱ?" አሉ። ወዲያው ደግሞ የጭኮውን ዕቃ ጎንበስ ብለው አዩት። "ሌላ አሻለሁ" አሉ።

እናቴ እልል አላለችም። ማንኪያዋን እንደያዘች ታየኛለች።

"ለቀቀችልሽ?"

"ለቀቀችልኝ።"

"ማንም ሳያስገድዳት?"

"ማንም።"

ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አነሳች።

"እሷም እናት አላት ማለት ነው" አለች።