ቆዪ ብዬ የመረቅኳት ዓርብ

ልጄ ማስተርስ ለመማር መቼ ባመልክት ይሻላል ብላ የጠየቀችው እኔን ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከአርባ ዓመቴ በኋላ፣ በቀበሌያችን ትምህርት ቤት፣ የሕፃናት አግዳሚ ላይ ጉልበቴን አጥፌ ነው። ዛሬም ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። እንዲህ ያለውን ሰው ስለ ዩኒቨርሲቲ የምትጠይቅ ልጅ ወይ ሞኝ ናት ወይ አባቷን ታከብራለች። ሞኝ አይደለችም።

ነርስ ናት። አምባሰል ውስጥ ጤና ጣቢያ ከተመደበች ያኔ ገና አንድ ዓመት ከምናምን ነበር። እናቷ ሞታለች፤ ሌላ ልጅ የለኝም። ቤቴ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ ዓርብ እስከ ሐይቅ ከተማ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅና በእግር ትመጣልኝ ነበር። በመካከል ያሉትን ቀናት ከበሬዎቼ ጋር ነው የማወራው።

አንድ ዓርብ ጫማዋን ሳታወልቅ ጀመረች።

«አባ፣ ለማስተርስ ልወዳደር እያልኩ ነው። ኃላፊያችን የድጋፍ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ ብሏል።»

«የት?»

«ጎንደር። ካልሆነ አዲስ አበባ።»

«መቼ?»

«እሱን እኮ ነው የምጠይቅህ። አብራኝ የተመረቀችው አሁኑኑ ግቢ፣ ደመወዙን ከለመድሽ ወዲያ አትነሺም ትላለች። አንጋፋዋ ሲስተር ደግሞ ሁለት ሦስት ዓመት ሥሪ፣ በሽተኛ ይፈትንሽ፣ ከዚያ ሂጂ ትለኛለች። አንተ ምን ትላለህ?»

«ላስብበት» አልኩ። የማስበው ነገር አልነበረኝም። ጎንደር ስትል ገና የሚቀሩብኝን ዓርቦች እቆጥር ነበር።

በሳምንቱ ሳልነግራት ጤና ጣቢያው ሄጄ ከበሽተኞቹ መሃል አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የሕክምና ክፍሉ በር ክፍት ነው። ተቅማጥ ያደረቀው ሕፃን አምጥተው፣ ልጄ ጉሉኮስ ልትሰካለት ደም ሥር ትፈልጋለች። ወጋች፣ ሳተች። ደገመች፣ ሳተች። በሦስተኛው የልጁ እናት «ኧረ በአላህ! ልጄን መማሪያ አደረግሽው እንዴ?» ብላ ጮኸች። አንጋፋዋ ሲስተር መጥታ በአንድ ጊዜ አገኘችው። ልጄ በጓሮ በር ወጣች። ፊቷን በጋውኗ እጅጌ ስትጠርግ በመስኮቱ አየኋት።

ደህና አባት ቢሆን ሄዶ «አብሽሪ» ይላታል። እኔ ደስ አለኝ። ይኸው ጻፍኩት፣ ደስ አለኝ፤ ምክንያት አገኘሁ። ሳታየኝ ወጥቼ ሚኒባስ ያዝኩ።

ዓርብ ስትመጣ ነገርኳት።

«ደም ሥር ሳታገኚ ማስተርስ ምን ያደርግልሻል?»

ቀና ብላ አየችኝ። «መጥተህ ነበር? መጥተህ ሳታናግረኝ ሄድክ?»

«ሥራ ላይ ነበርሽ።»

«ለዚህ እኮ ነው ልማር የምለው። ሲስተር ጡረታ ልትወጣ ነው፤ እሷ ከሄደች የምጠይቀው ሰው የለኝም።»

«ማስተርስ ደም ሥር ያሳያል?»

«አያሳይም» አለች። ሐቀኛ ናት። «እኔ እንጃ አባ። ግራ ገብቶኛል። በቃ ዱዓ አድርግልኝ፣ አላህ ይለየው።»

እኛ አገር ልጅ ለመንገድም ለትምህርትም ሳትመረቅ አትነሳም። ያን ዕለት ከሰዓት ጎረቤቶቼን ጠራሁ። ክርስቲያኑ ጎረቤቴም መጣ፤ እሱ በሌለበት እኛ ዱዓ አናደርግም፣ እኛ በሌለንበት እሱ ልጅ አይድርም። እጃችንን ዘረጋን። አባት ነኝና እኔ ጀመርኩ።

«አላህ ከወረቀቱ በፊት እጅሽን ያፍታታልሽ!»

«አሚን!»

«ወገንሽን አገልግለሽ፣ የበሽተኛ ምርቃት ጠግበሽ፣ ኋላ በሰዓቱ የምትሄጂ ያርግሽ!»

«አሚን!»

«ቸኩሎ አፍሶ ከመልቀም ይሰውርሽ!»

«አሚን!»

ሰዉ ከልቡ ነው የሚቀበለኝ። እሷ መዳፏን ዘርግታ እኔን እኔን ታያለች። የመጨረሻውን አሚን ያለችው ሁሉም ካለ በኋላ ነው። ፊቷን በእጇ ዳበሰች፤ አለቀ። ምክር ቢሆን ትከራከረኝ ነበር። አባቷ የመረቀውን፣ ጎረቤት አሚን ያለበትን ግን እንዴት አድርጋ ታልፈዋለች? አውቄ ነው ያደረግኩት።

ሰዉ ሲበተን ክርስቲያኑ ጎረቤቴ ኋላ ቀረ።

«አንተ፣ እሱ ምርቃት ነው እግር ብረት?»

«አሜን ስትል አልነበር እንዴ?»

«ብያለሁ። ነገሩ የገባኝ ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው።»

«ሂድ ወደ ቤትህ።»

«እኔስ እሄዳለሁ» አለ ከዘራውን እያነሳ። «የምትጠብቀኝ ሚስት አለችኝ። አንተ ነህ ልጅ አስረህ የምትቀመጥ።»

ያን ዓመት አላመለከተችም። ምክሩ ሐሰት አልነበረም፤ አንጋፋዋም ያለችው ያንኑ ነው። እጇም ተፍታታ። ሐይቅ ገበያ ላይ አንዲት ሴት «የልጅህ መርፌ አይሰማም፣ ማሻአላህ» ብላኛለች። እንግዲያው ልክ ነበርክ የሚለኝ ይኖራል። ልክ መሆኔ ምን ይጠቅመኛል? እኔ የተናገርኩት ለእጇ ብዬ አይደለም፤ ለዓርቤ ብዬ ነው። ዓርቡም አልቀረልኝም። ተረኛ ነኝ ማለት አመጣች፤ በአሥራ አምስት ቀን የነበረው በወር፣ ከዚያ በሁለት ወር ሆነ። ስትመጣ ቤቱን ትጠርጋለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ ሥራ እንዴት ነው ስላት «ደህና ነው» ትላለች። ድሮ በሽተኛውን ሁሉ ሳሉን ሳይቀር እያስመሰለች ታስቀኝ ነበር።

ዘንድሮ ክረምት ሊገባ ሲል ደወልኩላት። የበደልኩትን ልክስ ብዬ ነው።

«ማመልከቻው መቼ ነው? ነይና ዱዓ እናድርግ። እኔ ሂጂ ብያለሁ።»

«አስገባሁ እኮ አባ።»

«መቼ?»

«ሰነበተ። ፈተናውንም አልፌያለሁ። ጎንደር ነው።»

«ሳትመረቂ?»

«ቁስላቸውን የማጥብላቸው አንዲት እናት አሉ» አለች። «ዱዓውን እሳቸው አደረጉልኝ።»

«ምን ብለው?»

«እንዳሰብሽው ያርግልሽ ብለው።»

«ጥሩ መርቀዋል።»

«ተቀየምክ እንዴ?»

«ምን ያስቀይመኛል?»

እናንተ ዘንድ ዝናቡ ጀመረ ወይ አለችኝ። ጀምሯል አልኳት፤ ትናንት ደህና አድርጎ ጥሏል። ስለ ዝናብ የሚጠየቅ ሰው ሆንኩ።