ይወጣል የተባልሁት ቱቦ

ሕመሙ የጀመረኝ የተማሪዎቼን ድርሰት ሳርም ነው። ከቀኝ ጎድኔ ሥር ተነሥቶ ወደ ትከሻዬ ዘለቀ። በሳምንቱ ዓይኔ ቢጫ ሆነ። ቡሬ ላይ ያየኝ ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» አለኝ። በአልትራሳውንድ ሲታይ ግን የሐሞት መውረጃ ቱቦዬን ድንጋይ ዘግቶት ነበር።

ወደ ትልቅ ከተማ ተላክሁ። ኢአርሲፒ በሚሉት፣ በአፍ በኩል በሚገባ መሣሪያ ድንጋዩን አወጡልኝ። ሐኪሙም፣ «ሐሞቱ እንዲወርድ ስቴንት አስገብተናል፤ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ነው። በሦስት ወር ይወጣል» አለኝ።

እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ተሻጋሪ ግስ፣ የማይሻገር ግስ እያልሁ ልጆች ሳስጨንቅ ዓመታት አልፈዋል። «ይወጣል» ማለት ራሱ ይወጣል ማለትም፣ ሰው ያወጣዋል ማለትም እንደሚሆን ለማንም አስረዳለሁ። ለራሴ ግን ራሱ ይወጣል ብዬ ተረጎምሁት። ስወጣ በሰጡኝ ወረቀት ላይ ቀጠሮ እንደነበረ ያወቅሁት ኋላ ነው፤ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በሐኪም እጅ ጽሑፍ ስለነበር ሳላነበው አጣጥፌ አስቀመጥሁት። ሽንት ቤት በገባሁ ቁጥር ቱቦውን እፈልግ ነበር። ሦስት ወር አለፈ። ሳላየው ወጥቷል ብዬ ተውሁት።

በስድስተኛው ወር ሆዴን ወጋኝ። ጾም ስለነበር በሽሮ አሳበብሁ። በማግስቱ ሆዴ እንደ ጣውላ ደረቀ። አተኮሰኝ። አስመለሰኝ። የምኖረው ብቻዬን ነው። እናቴ ከሽንዲ ደውላ «እንዴት ዋልሽ?» ስትለኝ «ደህና» አልኋት። እሷን እንቅልፍ መንሳት አልፈለግሁም። ስልኩን ዘግቼ አለቀስሁ።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄድሁ፤ ከዚያ በአምቡላንስ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወሰዱኝ። ቀዶ ሐኪሙ የሆዴን የራጅ ፎቶ አይቶ አልሸፋፈነም።

«ስቴንቱ ከቦታው ወርዶ አንጀትሽን በስቶታል። አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ካልሆነ ትሞቻለሽ። አስታማሚሽ የት አለ?»

«የለኝም።»

ከሞቱ ወሬ ይልቅ የተረፈችኝን ሐሞት ያፈሰሰው ይህ ጥያቄ ነው። መድኃኒት የሚገዛ፣ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አልነበረኝም።

ከጎኔ ባለው አልጋ ባላቸውን የሚያስታምሙ ከፈረስ ቤት ከተማ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ እማማ የሻረግ። እስከዚያ ድረስ ቃል አልተነጋገርንም።

«እኔ አለሁላት። የእኔን ስም ጻፍ ልጄ» አሉት።

ስነቃ አፍንጫዬ ውስጥ ቱቦ፣ ሆዴ ላይ ስፌት ነበር። ለቀናት ውኃ እንኳ አልተፈቀደልኝም። እማማ የሻረግ ከንፈሬን በጥጥ ያርሱልኝ ነበር። በመጠየቂያ ሰዓት ክፍሉ በዘመድ ሲሞላ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ሆድ ይብሰኝ ነበር። እሳቸው ይህን አይተው ኖሯል፣ በሦስተኛው ቀን ስልኬን አቀበሉኝ።

«ለእናትሽ ደውይ። እኔ ለባሌ ነው የመጣሁ፤ አንቺን ያለ እናት ጥዬ አልሄድም።»

እናቴ በማግስቱ ደረሰች። ከአልጋው ግርጌ ቆማ፣ «ምነው፣ እኔ ሞቻለሁ ወይ?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሾርባው፣ አጥሚቱ፣ በእናቴ ትከሻ ተደግፌ በኮሪደሩ ወዲያ ወዲህ ማለቱ ቀስ በቀስ መጣ፤ በሁለተኛው ወርም ጠመኔ ይዤ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆምሁ፣ ምንም እንኳ ከግማሽ ክፍለ ጊዜ በላይ መቆም ባልችልና ተማሪዎቼ ወንበር ቢያመጡልኝም።

ቀዶ ሐኪሙ «እንዲህ ያለው ብርቅ ነው፤ ግን ይደርሳል» ብሎኛል። ስቴንት የገባላችሁ፣ ማን፣ የት፣ መቼ እንደሚያወጣላችሁ ጠይቁ፤ በአማርኛም አስጽፉ። ሆድ ሲደርቅና ትኩሳት ሲጨመርበት በጾም አታመካኙ። ሆዴን ሰፍተው ላዳኑኝ ባለሙያዎችና ስማቸውን ስለ እኔ ላስጻፉት እማማ የሻረግ ዕድሜ ይስጥልኝ።

አሁን ትንሽ ቁርጠት ከነካኝ ለእናቴ እደውላለሁ። ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፣ እንቅልፍ ታጣለች። ትጣ።